ሁለት ካዝና፣ አንድ ቁልፍ፦ የገዢ ፓርቲዎች ተአማኒነት በሆሳዕናና በሀዲያ ከምባታ ከተሞች

አንድ ገዢ ፓርቲ በሕዝብ ዘንድ ያለውን እምነት የሚያጣው በአንድ ቀን አይደለም። በጦር ሜዳ ሽንፈት ወይም በምርጫ ውጤት የሚታየው የነገሩ መጨረሻ ብቻ ነው። መነሻው ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ትንሽ በሚመስል የገንዘብ ጉዳይ ላይ ነው። የተከፈለው መዋጮ ምን ላይ ዋለ? ደረሰኙ የማን ማሕተም አለበት? ዕዳውን የሚሰበስበው ሰው የቆመው ለመንግሥት ነው ወይስ ለድርጅቱ? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ ሲቀሩ፣ ሕዝቡ በአደባባይ ባይናገርም በልቡ ሂሳቡን ይዘጋል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ቀድሞ በሸዋ ክፍለ ሀገር የከምባታና ሀዲያ አውራጃ ይባል የነበረውን፣ ዋና ከተማውም ሆሳዕና የነበረችውን አገር ነው። ሆሳዕና በቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ትባል ነበር፤ ስሙም ዛሬ በዩኒቨርሲቲዋ ይጠራል። ከእርስዋ ጋር ዱራሜን፣ ሾኔን፣ አንጋጫንና ሺንሺቾን የመሰሉ ከተሞች ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ሦስት ገዢ ፓርቲዎችን አይተዋል። ፓርቲዎቹ በዓላማ፣ በስምና በአርማ ይለያያሉ። ሕዝቡ በሦስቱም ላይ ያነሣው ቅሬታ ግን በአንድ ነጥብ ይገናኛል፤ ይኸውም የመንግሥት ካዝናና የፓርቲ ካዝና ለየብቻ ቢቆሙም ቁልፋቸው በአንድ እጅ መያዙ ነው። ከስርቆት ይልቅ እምነትን የበላው ይህ የቁልፍ አንድነት ነው የሚለው አሳብ የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ነው። ለሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር መጽሔት መቅረቡም ስለዚሁ ነው።

ሕዝቡ የሚለካበት መስፈሪያ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ከዚህ በመነሣት አንዳንድ ሰዎች የአገራችን ሕዝብ የባለሥልጣንን መብላት እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቀበላል ብለው ያስባሉ። ይህ አስተያየት ሚዛን አይደፋም። ተረቱ የሚናገረው ሿሚና ተሿሚ ስለሚያስቡት ነው እንጂ ግብር ከፋዩ ስለሚያስበው አይደለም።

ግብር ከፋዩ የሚያስበውን ለማወቅ ሕዝቡ ራሱ ያቋቋማቸውን ማኅበራት መመልከት ይበጃል። በሀዲያና በከምባታ ገጠር «ሴራ» የሚባል የመተዳደሪያ ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ አለ፤ በከተሞቹ ደግሞ እድር ተስፋፍቷል። የእድር ገንዘብ ያዥ ስንት እንደ ተቀበለ፣ ለየትኛው ለቅሶ ስንት እንዳወጣና በእጁ ስንት እንደ ቀረ በአባላቱ ፊት ቆሞ ይናገራል። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ሳህኑ ሳይቀሩ ይቆጠራሉ። ገንዘብ ያዡ ዘመድ ወይም የተከበረ ሽማግሌ ቢሆንም ከመጠየቅ አይድንም። እንግዲህ ይህን የለመደ ሕዝብ ከመንግሥት ያንኑ ቢጠብቅ ሊያስደንቅ አይገባም። የሚያስደንቀው ለሃምሳ ሰው ማኅበር የሚደረገው የሂሳብ ሪፖርት ለብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ ሳይደረግ መኖሩ ነው።

ከመሬት አዋጁ እስከ አሥረኛው ዓመት በዓል

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲወጣ፣ ከደቡቡ አገር ይበልጥ የተደሰተ አልነበረም ማለት ይቻላል። በከምባታና ሀዲያ ጭሰኝነትና ግዴታው ሥር የሰደደ ስለ ነበር፣ ወታደራዊው መንግሥት እጅግ ከፍ ያለ የእምነት ብድር አገኘ። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጠቀመባቸው 15 ቋንቋዎች መካከል ሀዲይኛና ከምባትኛ መገኘታቸውም ይህን እምነት አጠናክሮታል። ስለ ሆነም የኋላውን ቅሬታ በጎሣ ወይም በአሮጌ ጥላቻ ብቻ መተርጎም አይቻልም። ሕዝቡ መጀመሪያ አምኖ ነበር።

በታኅሣሥ 1972 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በጳጉሜን 1976 ዓ.ም. ደግሞ ኢሠፓ ራሱ ተመሠረተ። ገበሬው ከምርቱ ላይ በመንግሥት በተቆረጠና ከገበያው ባነሰ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ ያስረክብ ነበር። በዚህ ላይ ለልዩ ልዩ ጥሪ የሚሰበሰበው መዋጮ ተጨመረ። የገበሬ ማኅበሩ መሪ የመንግሥት ግብር ሰብሳቢ፣ የኮታ አስረካቢ፣ የምልምል ወታደር አቅራቢና የፓርቲው አፈ ቀላጤ ሆነ። አራት ሥራ በአንድ ሰው ላይ ሲወድቅ፣ ከፋዩ በየትኛው ስም እንደሚከፍል መለየት ተሳነው።

መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ ሲከበር የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። አደባባዮች ተሸለሙ፤ በሰሜን ኮሪያ እርዳታ የተሠራው የትግላችን ሐውልት ተመረቀ፤ በየመንገዱ ቅስት ቆመ። በውጭ ጋዜጠኞችና ታዛቢዎች የተሰጠው የወጪ ግምት ከ100 ሚሊዮን እስከ 250 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ይደርሳል። ግምቶቹ ይህን ያህል የተራራቁት ዝርዝሩ ለሕዝብ ስላልቀረበ ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1976 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፣ ማለትም ከበዓሉ ስድስት ወር ያህል አስቀድሞ፣ ሚሊዮኖች ለረሃብ መጋለጣቸውን ለለጋሾች አስታውቆ ነበር። የበዓሉ መብራት ከጠፋ በኋላ በጥቅምት ወር የኮረም ረሃብተኞች ምስል በቢቢሲ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ ሁለቱን ነገር ማስተያየት ለማንም ቀላል ሆነ።

የከምባታና ሀዲያ ሰው ይህን ታሪክ ከሩቅ የሰማ አይደለም። ረሃቡን ተከትሎ በተካሄደው የሠፈራ ፕሮግራም በጠቅላላው ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ሲጓጓዝ፣ ከዚህ አውራጃም መሬት የጠበባቸው ብዙ ቤተሰቦች ወደ መተከል በለስ ሸለቆና ወደ ጋምቤላ ተወስደዋል። እንሰትና ደጋ የለመደ ገበሬ ወደ ወባማ ቆላ ወረደ። ለአደባባይ ማስጌጫ የዋለ ገንዘብና ለሠፋሪ መድኃኒት ያልተገኘ ገንዘብ ከአንድ ካዝና የሚወጣ መሆኑን ለማስተዋል የኢኮኖሚ ትምህርት አያስፈልገውም ነበር። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ታውጆ ፓርቲው ስሙን ቢለውጥም፣ የጠፋው እምነት በስም ለውጥ አልተመለሰም። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ያዘነለት እምብዛም ነበር።

አዲሱ ፓርቲና የማዳበሪያው ብድር

በሽግግሩ ዘመን በሀዲያ ሁለት ድርጅቶች ለአንድ ሕዝብ ተፎካከሩ። አንደኛው ከኢሕአዴግ ጋር የተሰለፈውና በኋላ በደቡብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ግንባር ውስጥ የገባው ድርጅት ነበር። ሁለተኛው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ምሁር በነበሩት በፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ የሚመራው የሀዲያ ብሔር ዴሞክራሲያዊ ድርጅት ነው። ፕሮፌሰር በየነ በሽግግሩ መንግሥት ምክትል የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ። የእርሳቸው የደቡብ ኅብረት አባል ድርጅቶች ግን በ1985 ዓ.ም. ከፓሪሱ የተቃዋሚዎች ጉባኤ በኋላ ከሽግግሩ ምክር ቤት ተባረሩ። ከዚያ ወዲህ አስተዳደሩ ከቀበሌ እስከ ዞን በአንድ ድርጅት እጅ ሆነ።

በ1987 ዓ.ም. አዲሱ የግብርና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ምርጥ ዘር፣ ዳፕና ዩሪያ ለገበሬው በብድር እንዲደርሱ ማድረግ ነው። የብድሩ አሠራር ግን በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባዋል። ገበሬው መያዣ ስለሌለው የክልሉ መንግሥት ከፌዴራል መንግሥት የሚያገኘውን የበጀት ድጎማ መያዣ አድርጎ ለባንክ ዋስ ሆነ። ዕዳው ካልተመለሰ ከክልሉ በጀት ይቆረጣል። ክልሉም ይህ እንዳይደርስበት ዞኑን፣ ዞኑ ወረዳውን፣ ወረዳው ቀበሌውን አስጨነቀ። ስለዚህ ማዳበሪያውን የሚያድል፣ ዕዳውን የሚሰበስብ፣ ያልከፈለውን በፖሊስ የሚያስይዝና ለምርጫ ሰው የሚያደራጅ አንድ የቀበሌ ሹም ሆነ። በንግዱም በኩል ከየክልሉ ገዢ ድርጅቶች ጋር ዝምድና ያላቸው ኩባንያዎች ገቡበት፤ በሰሜን ጉናና አምባሰል፣ በኦሮሚያ ዲንሾ፣ በደቡብ ወንዶ የሚጠቀሱ ናቸው።

በ1989 ዓ.ም. የማዳበሪያ ድጎማ ሲነሣ ዋጋው ወጣ። ቀጥሎም በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ምርት በዝቶ ዋጋው በወደቀ ጊዜ፣ ጥሩ ያመረተ ገበሬ ዕዳውን መክፈል ተሳነው። እርሻው ከአንድ ጥማድ በማይበልጥበት በዚህ አገር በሬን ሸጦ ዕዳ መክፈል ማለት የሚቀጥለውን ዓመት እርሻ አሳልፎ መስጠት ነው።

እዚህ ላይ ፍርዱ ሚዛናዊ እንዲሆን ያስፈልጋል። ማዳበሪያ ምርትን አሳድጓል፤ ያለ መንግሥት ዋስትናም ለትንሹ ገበሬ የሚያበድር ባንክ አልነበረም። ስሕተቱ በዋስትናው ላይ አይደለም። ስሕተቱ ዋስ፣ ነጋዴ፣ ሰብሳቢና ተመራጭ አንድ ወገን ከመሆናቸው ላይ ነው። በሙያችን ቋንቋ ብንናገር ገንዘብ ያዥ፣ መዝጋቢና ፈቃጅ አንድ ሰው በሆነበት ቤት ሌባ ባይኖር እንኳ ጥርጣሬ አይጠፋም።

ግንቦት 1992

ግንቦት 6 ቀን 1992 ዓ.ም. አገር አቀፍ ምርጫ ሲደረግ፣ ይህ የተከማቸ ቅሬታ በሀዲያ ዞን በግልጽ ታየ። ከምርጫው ሁለት ወር አስቀድሞ በመጋቢት፣ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ታስረው የነበሩት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ ታምራት ላይኔ በሙስና ወንጀል የ18 ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው ነበር። በላይ ያለው እንዲህ ከሆነ በታች ያለውስ ምን ይሆን ብሎ የጠየቀ ሰው ብዙ ነበር።

በሀዲያ የምርጫው ሂደት በግጭትና በአቤቱታ ተሞላ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ምርጫ ቦርድ በዞኑ ድምፅ አሰጣጡ በሰኔ ወር እንዲደገም አደረገ። ውጤቱ ሲታይ የፕሮፌሰር በየነ ድርጅት ከፍተኛ ድጋፍ አግኝቶ፣ እርሳቸውን ጨምሮ ተወካዮቹን ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ላከ። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ሼቲል ትሮንቮል ይህን የሀዲያ ምርጫ በቦታው ተከታትሎ በ1993 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ገበሬዎቹ ስለ ደረሰባቸው ወከባ የተናገሩትን ጽፏል። ከተሞች በተቃዋሚ መያዛቸው በሌላም አገር የታየ ነው፤ የሀዲያው ልዩ የሚሆነው ገዢው ድርጅት «መሠረቴ ነው» የሚለው ገበሬ ራሱ ድምፁን መንፈጉ ነው። ማዳበሪያ የሚሰጠውን እጅ ስለ ናቀ አልነበረም። ያ እጅ በሌላው በኩል የያዘውን ስላየ ነበር።

ፓርቲው ስለ ራሱ የተናገረው

ከምርጫው በኋላ አንድ ዓመት ሳይሞላ በ1993 ዓ.ም. በሕወሓት ውስጥ የተፈጠረው መከፋፈል ገዢው ፓርቲ ራሱ «መበስበስ» ያለውን አደጋ በአደባባይ እንዲናገር አደረገው። በግንቦት ወር የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 235/1993 ተቋቋመ፤ የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃም በሙስና ተከሰው ታሰሩ። የደቡብ ክልል ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ አባተ ኪሾ ከሥልጣን ተነሥተው በኋላ በሙስና ተከሰሱ፤ በምትካቸውም አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ተሾሙ።

እነዚህ እርምጃዎች የሕዝቡን እምነት ለመመለስ በተወሰዱ ነበር። ነገር ግን የተከሰሱት በክፍፍሉ የተሸነፈው ወገን ሰዎች ወይም ለእርሱ ቅርብ ናቸው የተባሉ ስለ ነበሩ፣ ብዙው ሰው ነገሩን የሂሳብ ምርመራ ሳይሆን የሥልጣን ሽኩቻ አድርጎ አየው። ከዚህ ላይ ለሙያችን የሚጠቅም ትምህርት ይገኛል። ኦዲት የሚታመነው ወዳጅንም ባላጋራንም በአንድ መዝገብ ሲጠይቅ ነው። አንዱን ወገን ብቻ የሚፈትሽ ምርመራ የተመረመረውን ቢያስቀጣም መርማሪውን አያስከብርም።

የፌዴራል ዋና ኦዲተር የነበሩት አቶ ለማ አርጋው የገጠማቸውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በ1998 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ ባቀረቡት ሪፖርት ለክልሎች ከተሰጠው የድጎማ በጀት በቢሊዮን የሚቆጠር ብር በሚገባ ሂሳብ እንዳልቀረበበት ገለጹ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ድጎማው ለክልሎች ከተላለፈ በኋላ የክልሎቹ ገንዘብ እንደ ሆነና የፌዴራል ኦዲተር ሊጠይቃቸው እንደማይገባ ተከራከሩ። ዋና ኦዲተሩም ብዙ ሳይቆዩ ከኃላፊነታቸው ተነሡ። የሕገ መንግሥቱ ክርክር የራሱ ቦታ አለው። ይሁን እንጂ በዋስትና ጊዜ ያ ድጎማ ለባንክ መያዣ ሆኖ ከፌዴራል በጀት ላይ ሲቆረጥ፣ በምርመራ ጊዜ ግን ከፌዴራል ዓይን ውጭ ነው ሲባል፣ በሆሳዕና ያለ የወረዳ ሂሳብ ሹም ማንን እንደሚሰማ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

ዕዳው ደመወዝ ላይ ሲያርፍ

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በየወረዳው የሚያድለው አካል ከኩባንያዎች ወደ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ተዛውሯል። ኢሕአዴግ ፈርሶ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ብልጽግና ፓርቲ ተመሥርቷል። የደቡብ ክልልም ተከፋፍሎ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ሆሳዕና የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆናለች።

የማዳበሪያው ዕዳ ግን ከክልል ወደ ክልል፣ ከፓርቲ ወደ ፓርቲ ተሻገረ። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ገበያ ዋጋ ከናረ በኋላ ዕዳው ይበልጥ ከበደ። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በሀዲያና በአጎራባች ዞኖች በሚገኙ ወረዳዎች መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዛቸው ለወራት ዘገየባቸው ወይም በከፊል ተከፈላቸው። ሥራ እስከ ማቆም የደረሱም ነበሩ። ባለሥልጣናት ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ የማዳበሪያ ዕዳ ከወረዳዎቹ በጀት መቆረጡ ነው።

ይህን በጥሞና ማየት ይገባል። መምህሩ ማዳበሪያ አልገዛም፤ የዋስትናውን ውል አልፈረመም፤ ዕዳው ለምን በጊዜው እንዳልተሰበሰበ፣ ከገበሬው ተሰብስቦ ከነበረም የት እንደ ቀረ አያውቅም። የተቆረጠው ግን ከልጆቹ እንጀራ ነው። ገበሬውም በበኩሉ በደረሰኝ ከፍያለሁ ሲል፣ ወረዳው አልደረሰኝም ሲል፣ በመካከሉ ያለውን ገንዘብ የሚያሳይ መዝገብ ለሕዝብ አይቀርብም። በ1977 ዓ.ም. አባቶቹ በበዓሉ ወጪ ያነሡትን ጥያቄ ልጆቹ በደመወዛቸው አነሡት። ከዚህች ከተማና ከአካባቢዋ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሰደደው በመሬት ጥበትና በሥራ ማጣት መሆኑ እርግጥ ነው። ነገር ግን አገር ውስጥ ሠርቶ የወር ደመወዝን በወሩ ማግኘት የማያስተማምን ሲሆን ለመሄድ የሚያስብ ሰው ቁጥር አይቀንስም።

ለሙያችን የሚቀርበው ጥያቄ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ አንድ ፓርቲ ክፉ፣ ሌላው ደግ ነው ለማለት አይደለም። በሦስቱም ዘመን መንገድ ተሠርቷል፤ ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ በቅን ልብ ያገለገሉ ሹማምንትም ነበሩ። የሕዝቡ ቅሬታ ምንም አልተሠራም የሚል አልነበረም። ምን በማን ገንዘብ እንደ ተሠራ አይነገረንም የሚል ነው።

ሕጉ በከፊል መልስ ሰጥቷል። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 የፖለቲካ ፓርቲዎች በንግድ ሥራ እንዳይሰማሩ ይከለክላል፤ ሂሳባቸውንም በውጭ ኦዲተር አስመርምረው ለምርጫ ቦርድ እንዲያቀርቡ ያዛል። አዋጅ በአዲስ አበባ ይጻፋል፤ ተፈጻሚነቱ የሚለካው ግን በሾኔና በአንጋጫ የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ነው። ለፓርቲ ስብሰባ የመንግሥት መኪና ነዳጅ ሲቀዳለት በምን ሂሳብ ይመዘገባል? የውሎ አበል የሚከፈለው ከየትኛው ካዝና ነው? ከገበሬው የተሰበሰበ ዕዳ በሞዴል 64 ገቢ ሆኗል ወይስ በብጣሽ ወረቀት ቀርቷል? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሰው ፖለቲከኛው ሳይሆን መዝገቡን የያዘው ባለሙያ ነው። እርሱ በፈረመበት ቀን እውነቱ ይያዛል፤ ዝም ባለበት ቀን ደግሞ ለሃምሳ ዓመት የተከማቸው ጥርጣሬ አንድ ቀን ይጨመርበታል።

ይህ ቀላል አይደለም። በወረዳ ደረጃ ያለ ሂሳብ ሠራተኛ አለቃው የፓርቲ ኃላፊ፣ የሥራ አፈጻጸሙን የሚሞላውም ያው አለቃ መሆኑ ይታወቃል። ስለዚህ ብቻውን ጀግና ሁን ማለት ፍትሕ አይሆንም። ማኅበራችን ሊቆምለት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የማዳበሪያ ብድር ሂሳብ በየቀበሌው ተዘርዝሮ በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ፣ የዋስትና ውልና የበጀት ቅናሽ ለወረዳ ምክር ቤት አስቀድሞ እንዲቀርብ፣ አልፈርምም ያለ ባለሙያ በሙያ ማኅበሩ እንዲጠበቅ መጠየቅ ከሥልጣን ክርክር ውጭ የሆነ የሙያ ግዴታ ነው። የእድር ገንዘብ ያዥ በአባላቱ ፊት የሚያደርገውን ያህል እንኳ ለማድረግ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም።

የሀዲያና የከምባታ ሕዝብ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ለተከታታይ መንግሥታት እምነቱን በብድር ሲሰጥ ኖሯል። ያ ብድርም እንደ ማዳበሪያው ብድር በየጊዜው የሚመለስበት ቀን አለው። ሁለቱ ካዝናዎች በሁለት ቁልፍ ካልተዘጉ፣ የሚቀጥለው ፓርቲ ማንም ይሁን ማን ዕዳውን ወርሶ ነው የሚጀምረው።